ሬሳ የሚያልፍበት መንገድ

ሃርስኮም፣ ኤፕሪል 18 ቀን 1920

ልጄ ሎይስ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆየ። የዘገየሁት ታምሜ አይደለም፤ ብዕር መያዝ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። የትምህርት ቤቱ አስተማሪ «እኔ ልጻፍልዎ» ብላ እስከ ደጄ መጥታ ነበር። «ጣራሽን ስከድንልሽ መሰላሉን ልውጣልዎ ብለሽኛል?» አልኳትና ተመለሰች። ስለዚህ ፊደሉ ቢጣመምም የራሴ ነው፤ ታገሺው።

አዎ፣ የሰማሽው እውነት ነው። ርስቱ ተሸጠ። የመጨረሻው ባለርስት ዶበኒ ሁለት ልጆቹ በጦርነቱ ፈረንሳይ አገር ከቀሩ በኋላ «ለማን ብዬ ልያዘው?» አለ ይባላል። አልፈርድበትም። የሄደ ቀን በአውቶሞቢሉ መስኮት እጁን ሲያወጣ አየሁት። ዝናብ መኖሩን ሊያይ ይሁን እኔን ሊሰናበት እስከ ዛሬ አላወቅኩም። እኔ ግን ለማንኛውም ብዬ ቆቤን አነሳሁለት።

የገዛው ፕሩዌት የሚባል የታሸገ ሥጋ ነጋዴ ነው። እሱ ከተማ ነው የሚውለው፤ ትልቁ ቤት ውስጥ ያሉት ሚስቱ፣ እሜቴ፣ ናቸው። ክፉ ሴት ናቸው ብዬ አልጽፍልሽም። እኛ ከየት እንደመጣን፣ በምን እንደምናልፍ የነገራቸው የለም፤ በቃ።

ለልጆቹ ጻፍልኝ ስላልሽኝ ነገር። «አያታችን አገር መንደሩ ለምን ከቤተ ክርስቲያኑ ራቀ?» ካሉሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው። ድሮ ሃርስኮም ሁለት ርስት ነበር። ከወንዙ ወዲህ የላይኛው፣ ከወንዙ ወዲያ የታችኛው። ሁለት ጌታ፣ ሁለት ሸንጎ፣ ሁለት ወፍጮ። ኋላ የላይኛው ዶበኒ የታችኛውን ባለርስት ልጅ አገባና አንድ ሆኑ። ጌቶቹ አንድ ሆኑ ማለቴ ነው፤ እኛማ መች ሆነን። እስከ ዛሬ መጠጥ ቤት ውስጥ የታችኛው ሰው በመስኮቱ በኩል፣ የላይኛው ሰው በእሳቱ በኩል ነው የሚቀመጠው። እናትሽ የታችኛው ልጅ ነበረች። ሳገባት አባቴ «ያቺ የወንዝ ማዶዋ» ከማለት በቀር በስሟ ጠርቷት አያውቅም፤ አንቺ እስክትወለጂ።

ያን ጊዜ መንደሩ ቤተ ክርስቲያኑን ከቦ ነበር የቆመው። ከዶበኒዎቹ አንዱ ትልቁን ቤት ሠራና በመስኮቱ ሲያይ የእኛ ጭስና የእኛ የታጠበ ልብስ ታየው። ዓይኑ ተቀየመ። መንደሩን በሙሉ አፈረሰና መስኩን ካጠረው ግንብ ውጭ አዲስ ቤት ሠርቶ አስገባን። ቤተ ክርስቲያኑን ግን ማፍረስ አልቻለም፤ ሙታናችንም እዚያው ናቸው። እንዲያ ሆኖ ቤተ ክርስቲያኑ በጌታው መስክ መሀል ከአጋዘኖች ጋር ብቻውን ቀረ። ሴቶቹ ቢያለቅሱበት ጌታው እንዲህ አለ፦ «ሙታናችሁን የምትሸከሙበት መንገድ በመስኬ ላይ ይኖራችኋል። ሬሳ እስካለፈበት ድረስ አይዘጋም።» ወረቀት የለውም። እንዲያው ሲወርድ ሲዋረድ እኛ ዘንድ የደረሰ ቃል ነው።

ያ መንገድ አሁን ተዘግቷል። በመስኩ በር ላይ ሰንሰለት አለ። እናትሽ መቃብር ጋ በምን ትሄዳለህ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ።

ና ላልሽው፣ አልመጣም። ካናዳ ሰፊ ነው ይላሉ፤ እኔን መጥበብ አላስቸገረኝም።

አባትሽ ሩበን


ሃርስኮም፣ ሜይ 30 ቀን 1920

ሎይስ፣

እንዳትጠይቂኝ ብዬሽ ጠየቅሽኝ። እናትሽን ነው የወጣሽው።

ዋናው መንገድ አለ፤ ማን የለም አለ። ግንቡን ዞሮ፣ በወፍጮው በኩል ወጥቶ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ከኋላ ያገኘዋል። ሰው በጋሪ ይሄድበታል። እኔ ግን እግሬ በዚህ ክረምት ትንሽ ሰንፎብኛል። አንድ እሑድ ሞክሬ ወፍጮው ጋ ስደርስ ደወሉ አበቃ፤ ተመለስኩ። በመስኩ ብሄድ ኖሮ እናትሽ መቃብር ላይ ተቀምጬ፣ ሳሯን ነቅዬ፣ ወሬዋን ነግሬያት፣ ለምሳ ቤቴ እገባ ነበር። እስከ ባለፈው ገና ድረስ አንድም እሑድ አልቀረሁባትም። አሁን ብቻዋን ናት። ይኸው ነው።

ስለዚህ ጉዳይ መጠጥ ቤት ተሰበሰብን። ቄሱም መጣ። የእሜቴ ጠበቃ የጻፈውን ቄሱ አነበበልን። «ቃሉ እውነት ነው ብንል እንኳን» ይላል፣ «ሬሳ እስካለፈበት ድረስ ነው የተባለው። ከጦርነቱ ወዲህ አንድም ሬሳ አላለፈም። ስለዚህ ቃሉ በራሱ አብቅቷል።» እውነቱን ነዋ! ልጆቻችን ፈረንሳይ ተቀበሩ፤ ሽማግሌዎቹን የሚሸከም ጎረምሳ ስላልነበረ በጋሪ በዋናው መንገድ ወሰድናቸው። እኛው ራሳችን ነን ያስረሳነው።

ሲላስም ነበረ። ታስታውሺዋለሽ፣ ልብስ አጣቢዋ የወለደችው፣ ያ ጆሮ ትልቁ። ከጦርነቱ ተርፎ የመስኩ ጠባቂ ሆኗል። ሰንሰለቱን ያሰረው እሱ ነው።

«አንተ ራስህ ትዘጋብናለህ?» አሉት።

«እኔ ካልዘጋሁ ሌላ ይመጣና ይዘጋል» አለ። «እኔ ቢያንስ ስዘጋ አዝኛለሁ።»

«ሐዘንህን ሰንሰለቱ ላይ ቀባው» አልኩት። «እንዳይዝግ።»

ከመስኮቱ በኩል አንዱ የታችኛው ሰው «አንድ ሬሳ ብቻ ቢያልፍስ?» አለ። «አንድ ካለፈ ቃሉ ይነሳል አይደል?» ቄሱ ሕግ እንደዚያ እንደማይል ሊያስረዳን ሞከረ። ማን ይስማው። ሰው ሁሉ ቀስ እያለ ፊቱን ወደኔ አዞረ።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አልኳቸው።

«ኧረ ምንም፣ ጋሽ ሩበን» አለ ሲላስ።

«ደህና ይመስላሉ» አለ ሌላው፣ እንደማዘን ብሎ።

ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን ነገሩ ከራሴ አልወጣ አለ። ደክሞኛል ሎይስ። የሚጠብቀኝ ጣራ የለም፣ የሚጠብቀኝ ሰው የለም። ጠቃሚ የሆነ ነገር ቢቀረኝ ይሄ ነው አልኩ።

ስለ አጎትሽ ስለ ጆናስ የጠየቅሽው። ያንን ስም ደብዳቤዬ ላይ መጻፍ ካለብኝ አንዴ ልጻፈውና ይለፍ። እናትሽ የተቀበረች ቀን ዝናብ ነበር። እኔ በመስኩ እንሸከማታለን አልኩ። እሱ ጋሪውን አምጥቶ በር ላይ አቆመ። «እህቴን ጭቃ ላይ ሲጥሏት አላይም» አለ። ቄሱም፣ ሴቶቹም ከሱ ጋር ሆኑ። እናትሽ እንደ ድንች ከረጢት በጋሪ ሄደች። እኔም ከኋላ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቃል አልተናገርኩትም። እሷ ብታልፍ ኖሮ ዛሬ ጠበቃው ምን ይል ነበር? የመጨረሻዋ እሷ ትሆን ነበር። መንገዱን የዘጋው ፕሩዌት አይደለም፤ ያ ጋሪ ነው።

አትጠይቂኝ ከእንግዲህ።

አባትሽ


ካናዳ፣ ጁላይ 11 ቀን 1920

አባዬ፣

እንዳትቆጣ። በክረምቱ ከመሰላል መውደቅህን፣ እስከ ፋሲካ ድረስም አልጋ ላይ መክረምህን አውቃለሁ። «እግሬ ትንሽ ሰንፏል» ብለህ ጻፍክልኝ። አጎቴ ጆናስ ነው የነገረኝ። ለእኔ ሁልጊዜ ይጽፍልኛል፤ ስለ አንተ ብቻ ነው የሚጽፈው። ጭስህ በጠዋት ወጣ፣ ዛሬ ዘገየ፣ አጥሩ ጋ ቆሞ ታየ፣ ዳቦ ገዛ። ስለ ራሱ ግን ምንም አይልም። እጁ ሲጽፍ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ደህና ነው?

ባለቤቴ ቶም ለአንተ ከምድጃው አጠገብ ክፍል እያበጀልህ ነው። በሩን ሰፊ አድርጎታል። እዚህ ቅዝቃዜው ሳይገባ፣ መርከቡ ጉዞውን ሳያቆም፣ በሴፕቴምበር ብትመጣ ይሻላል። ልጆቹ «አያታችን ጣራ ይከድናል?» እያሉ ይጠይቁኛል። ይከድናል ብያቸዋለሁ።

ባለፈው ደብዳቤህ «ጠቃሚ የሆነ ነገር ቢቀረኝ ይሄ ነው» ያልከው ምን ማለትህ እንደሆነ ገብቶኛል። ደጋግሜ አነበብኩት። አባዬ፣ እኔ የምፈልግህ በሕይወትህ ነው። ለመንገድ ብለህ እንዳትሞትብኝ።

ስለ ስንዴው ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

ልጅህ ሎይስ


ሃርስኮም፣ ኦገስት 15 ቀን 1920

ሎይስ፣

ጭሴን ይቆጥራል? ያ ሰውዬ ጭሴን ይቆጥራል! አሁን ገባኝ ጠዋት ጠዋት ጋሪውን አጥሬ ጋ የሚያቆመው ለምን እንደሆነ። የፈረሱ ኮቴ ድንጋይ የገባበት እየመሰለኝ ነበር። ከነገ ጀምሮ እሳት ሳላነድ ብውል ይሻለኛል ብዬ ነበር፤ ሻዬ ቀዘቀዘብኝና ተውኩት።

ከመሰላል ወደቅኩ፤ አዎ። ጣራ ከዳኝ ከመሰላል ይወድቃል። ጋሪ ነጂ ከጋሪ ይወድቃል። ምን ይጻፋል ይሄ?

ስለ ጤናው እኔን አትጠይቂኝ። ሳሉን በአጥር በኩል እሰማዋለሁ። ጋሪው ላይ ጎብጦ ይቀመጣል። ከዚያ ሌላ የማውቀው የለኝም። እጁ የሚንቀጠቀጠው ዕድሜ ነው በይው።

ስንዴውን በረዶ መትቶታል አይደል? ደህና ቢሆን ኖሮ ገጽ ሙሉ ትጽፊልኝ ነበር። አንቺም እንደኔ ነሽ፤ ክፉውን ነገር ኪስሽ ውስጥ ይዘሽ ስለ በር ስፋት ትጽፊያለሽ። ቶምን አይዞህ በይው። ምድር አንድ ዓመት ትከዳለች፤ ሰው ደግሞ መልሶ ይዘራባታል።

አሁን ቁጣሽን ያዢና አንብቢ። ሐኪሙ መጥቶ ነበር፤ ማን እንደላከው አሁን ገባኝ። ደረቴ ላይ ጆሮውን አስደግፎ «ልብዎ እንደ ወጣት ነው፤ ገና ብዙ ዓመት ይኖራሉ» አለኝ። እንዲህ ያለ መጥፎ ወሬ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። መንደሩም ሰምቷል። ትናንት መጠጥ ቤት ስገባ ባለቤቱ የፖም ጠጄን እየቀዳልኝ «ጋሽ ሩበን፣ ዛሬም ቆሙ?» አለኝ።

«ቆምኩ።»

«እኛ እንቸኩላለን ማለት አይደለም እኮ። ብቻ መሬቱ ሳይርስ ቢሆን ለተሸካሚዎቹ ይመቻቸዋል።»

የሚሸከሙኝን ሰዎች መርጫለሁ። ነግሬያቸዋለሁ። አንዱ «ይከብዱናል፣ ጋሽ ሩበን፣ ትንሽ ይቀንሱ» ብሎኛል። ሁሉም ከላይኛው ርስት ናቸው፤ የላይኛውን ሰው የላይኛው፣ የታችኛውን የታችኛው ነው የሚሸከመው፤ ይህንን ጦርነትም አላፈረሰውም።

አየሽ፣ ካናዳ ብሞት ለማን ይጠቅማል? አንድ ሽማግሌ ሞተ ይባላል። እዚህ ብሞት ግን እናትሽ ዘንድ የሚያደርሰው መንገድ ይከፈታል፤ ለኔ ብቻ አይደለም፣ ለሁሉም። ራሴን አልጎዳም፤ ያንን አትፍሪ፤ ነውር ነው። እጠብቃለሁ ብቻ። መጠበቅም ያደክማል፤ አሳ ከመያዝ በላይ ያደክማል።

ክፍሉን ለልጆቹ ስጪያቸው።

አባትሽ


ሃርስኮም፣ ኦክቶበር 24 ቀን 1920

ሎይስ ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ ተቀምጠሽ አንብቢው።

አጎትሽ ጆናስ አርፏል። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ጫማውን እንዳደረገ። ሳሉ ከሳምባው ነበር፤ ከበጋው ጀምሮ ያውቅ ነበር አለ ሐኪሙ። ለማንም እንዳይናገር ሐኪሙን አስምሎት ነበር። ለአንቺም አልጻፈልሽም። የእኔን ጭስ ሲጽፍልሽ የራሱ እሳት እያለቀ ነበር።

በጠዋት ሲላስ ደጄ መጣ። ቆቡን በእጁ ይዞ ቆመ።

«ጋሽ ሩበን፣ ጆናስ መልእክት ትቶልዎታል።»

«ምን አለ?»

«ልንገርዎ?»

«መጥተህ የቆምከው ልትዘፍንልኝ ነው እንዴ?»

«‹ለሩበን ቀደምኩህ በሉት› ብሏል።» ሲላስ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። «‹በጋሪዬ እንዳትወስዱኝ፣ በመስኩ ተሸከሙኝ፣ ከፊት በግራ ሩበን ይያዘኝ› ብሏል።»

በሩን ዘጋሁበት። ከዚያ ከፈትኩት፤ ሲላስ እዚያው ነበር። «ሰንሰለቱስ?» አልኩት። «እኔ ጠባቂ ነኝ» አለ። «እዚያ እጠብቃችኋለሁ። ሌላ ምን ልበል?»

በመጀመሪያ የመጣብኝ ምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ንዴት ነው። ሞቴን ወሰደብኝ። ተሸካሚ መርጬ፣ በሐኪም ተመርምሬ፣ መንደሩን በሙሉ አስጠብቄ፣ እሱ ያለ አንዳች ወሬ ከአጥሩ ማዶ ተነስቶ ቀደመኝ። የእሑድ ልብሴን ስለብስ እጄ ቁልፉን አልይዝ አለኝ። አስተማሪዋ መጥታ ቆለፈችልኝ፤ አልከለከልኳትም።

የታችኛው ርስት ሰዎች ተሰበሰቡ፤ አልበቁም። ጎረምሶቻቸው የሉም፤ ስማቸው በጦርነቱ ከወደቁት ጋር ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ነው ያለው። እርስ በርስ ተያዩ። እኔ የመረጥኳቸውን የላይኛዎቹን ጠራሁ። «የኔን ቀን ለሱ ሰጥቻለሁ» አልኳቸው። አንዱ «ከታችኛው ጋር አብረን?» አለ። «እሱ ከኛ ጋር አብሮ ለመሄድ ካላፈረ አንተ ምን አሳፈረህ?» አልኩት። መጡ። ከፊት እኛ፣ ከኋላ እነሱ። እኔ በግራ።

ሳጥኑ ቀለለኝ፤ እንደ አንድ እስር ሣር። ይሄን ሁሉ ዓመት ስጠላው የነበረ ሰው ይህን ያህል ነው እንዴ አልኩ።

የመስኩ በር ላይ ሲላስ ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ቁሙ» አለ። «የመንደር ሰው እንዳያልፍ ታዝዣለሁ።»

«ይሄ ከመንደሩ ወጥቷል» አልኩት፣ ሳጥኑን በአገጬ እያሳየሁ።

«እሱን ማለቴ አይደለም፤ እናንተን ነው።»

«እሺ፣ እኛ እንቀራለን። እሱ ብቻ ይለፍ። ና ተቀበለን።»

ሲላስ እየሳቀ አለቀሰ፤ እንደ ልጅ። «ቁልፉ እኔ ጋ የለም» አለ። «እሜቴ ጋ ነው። እሄዳለሁ።» ሄደ። ሳጥኑን በሩ አጠገብ ባለው ማሳረፊያ ድንጋይ ላይ አሳረፍነው። የጥንቶቹም እዚያ ያሳርፉ ነበር፤ ድንጋዩ መሀሉ ጎድጉዷል። ብዙ ቆየን። አንዱ ትንባሆውን አወጣ፤ ሳጥኑን አየና መልሶ ከተተው።

እሜቴ ራሳቸው መጡ። ጭቃውን እየረገጡ፣ የአትክልት ጫማ አድርገው፣ ኮፍያ ሳያደርጉ። እንደዚያ ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅኩም። ጠበቃ ይመጣል ብዬ ክፉ ቃል አዘጋጅቼ ነበር።

«ማን ነው የሞተው?» አሉ።

«ጆናስ ነው፣ እሜቴ። ጋሪ ነጂው። ዕቃዎን ከባቡር ጣቢያ የሚያመጣልዎት።»

«ያ የሚያስለው?»

«እሱ ነው።»

«ችግኞቼን አንድ እንኳን ሳይሰብር ነው ያመጣልኝ» አሉ ቀስ ብለው። «በኮቱ ሸፍኖ። ዝናብ ነበር።» ከዚያ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። ሰንሰለቱን ሲፈቱ እጃቸውን ዝገት ነካው። «ለዛሬ ብቻ» አሉ፣ ወደኛ ሳያዩ። «ይገባችኋል አይደል? ለዛሬ ብቻ።»

ሁሉም እኔን ነው የሚያዩኝ።

«አንዴ ይበቃናል፣ እሜቴ» አልኳቸው።

ያመሰገንኳቸው መሰላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ዞር አሉ።

አለፍን። ጭቃው ከባድ ነበር። መሀል ላይ፣ ያ ዘንበል ያለው ቦታ ላይ፣ እግሬ ከዳኝና ሳጥኑ ወደኔ አጋደለ። ከኋላዬ ያለው የታችኛው ሰው «ያዝኩት፣ ያዝኩት» አለ። ቆምን። ሁላችንም ሽማግሌዎች ነን። እናትሽን በዚያ በዝናቡ ቀን፣ በእነዚህ ሽማግሌዎች፣ በዚህ መንገድ ብንወስዳት ኖሮ ጭቃው ላይ...

ይሄን አልጨርሰውም።

አጋዘኖቹ ቀና ብለው አዩን። አልሸሹም። ጆናስን ከእህቱ በስተግራ ቀበርነው። ስመለስ እሷ ጋ ቆየሁ፤ ሳሯ ጉልበቴ ደርሶ ነበር፤ በእጄ ነቀልኩት። ሌላ የሠራሁት የለም።

ልጄ፣ ይህን ወሬ ከእኔ በመስማትሽ ይቅርታ። ከኔ ይልቅ እሱ ቢጽፍልሽ ኖሮ ያማረ ይሆን ነበር።

አባትሽ


ካናዳ፣ ኖቬምበር 20 ቀን 1920

አባዬ፣

አለቀስኩ። ከዚያም ሳቅሁ፣ «ቀደምኩህ» ያለውን ሳነብ። ቶም ያበድኩ መስሎት ከጋጣው ሮጦ መጣ።

አዎ፣ ስንዴው በበረዶ ሄዷል። ይህ ዓመት ብዙ ነገር ወስዶብናል፤ የቀረውን ስትመጣ እነግርሃለሁ። አሁን የሚይዝህ ነገር የለም አባዬ። መንገዱ ተከፍቷል፤ ጆናስ ከፍቶልሃል። ለመንገዱ ብለህ መሞት የለብህም። ለኔ ብለህ ኑርና ና። ከፋሲካ በኋላ የመጀመሪያው መርከብ ላይ ቦታ ልያዝልህ? አዎ ወይም አይ ብለህ ብቻ ጻፍልኝ። ከዚህ በኋላ አልጠይቅህም።

ሎይስ


ሃርስኮም፣ ዲሴምበር 19 ቀን 1920

ሎይስ ልጄ፣

«የቀረውን ስትመጣ እነግርሃለሁ» ያልሽውን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ልጅ ነው አይደል? የጠበቅሽው፣ ሳይወለድ የቀረብሽ ልጅ። አትመልሺልኝ፤ ገብቶኛል። እናትሽም ከአንቺ በፊት እንደዚያ ሆናለች፤ አንቺ አታውቂውም። ለብዙ ወራት አንገቷን አላቀናችም። ብርድ ልብስ ደርበሽ ተኚ። ቶም ሻይ ያፍላልሽ። ከዚህ በላይ የሚጻፍ ቃል የለኝም፤ ቢኖረኝ ኖሮ እናትሽን ያን ጊዜ አጽናናት ነበር።

አሁን ወደ መልሴ። ጠበቃው እንደገና ጽፏል። አንድ ሬሳ ማለፉ መብት አይሰጥም፣ እንዲህ ያለ ሕግ በአገሩ የለም፣ ተራ እምነት ነው ይላል። ቄሱ አነበበልን። ሰው ሁሉ አንገቱን እየነቀነቀ አዳመጠ፤ ከዚያ ስለ ድንች ማውራት ቀጠለ። ስለ ሕግ አልተከራከርንም። እኛ ያለን አንድ ነገር ነው፤ ጆናስ አልፏል።

እሑድ ነጋ። ለባብሼ ወጣሁ። ብቻዬን የምሄድ መስሎኝ ነበር። አጥሬን ሳልፍ አስተማሪዋ ቆማለች። ድልድዩ ጋ የታችኛዎቹ አሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ከሰርጋቸው ወዲህ ያልረገጡ ሳይቀሩ ኮታቸውን ቦርሸው። ማንም ለማንም አልነገረም። አንዱን «አንተ ምን ልትሠራ?» ስለው «አየር ልቀበል» አለኝ። ሌላው «እኔማ ሰባኪው ድምጹ እንዴት እንደሆነ ረስቼዋለሁ» አለ። ሁላችንም በአንድ ላይ፣ እሳትና መስኮት ሳንል፣ ቀስ ብለን ወደ መስኩ በር ሄድን። እግሬን ጠበቁልኝ። መጠበቃቸውን አላስታወቁኝም፤ ያን ያህል ባለጌ አይደሉም።

ሰንሰለቱ በሩ ላይ ነበር። ከዚያ ጠጋ ብዬ አየሁት። ተጠምጥሟል እንጂ አልተቆለፈም። ቁልፉ የለም።

ሲላስ ከዛፉ ሥር ቆሟል፤ ወዲያ ዞሮ ወፍ የሚያይ መስሎ።

«ሲላስ፣ ቁልፉስ?» አልኩት።

«እሜቴ ጠፋባቸው።»

«ተፈልጓል?»

«እንዳይፈለግ ብለዋል።»

«ሰንሰለቱስ ለምን ቀረ?»

ሲላስ ጆሮውን አከከ። «ጌታው ከከተማ ሲመጡ በሩ ታስሮ ማየት አለባቸው» አለ። «እሜቴ ያሉኝ እንዲህ ነው፦ ‹ይጠምጠም። የሚፈታ ይፍታው። የፈታ ግን መልሶ ይጠምጥመው።›»

ፈታሁት። ሰው ሁሉ አለፈ። መጨረሻ ላይ ያለው መልሶ ጠመጠመው። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ እንደዚያ ነው። ጠበቃው ተዘግቷል ይላል፤ እውነቱን ነው። እኛ ክፍት ነው እንላለን፤ እኛም እውነታችንን ነው። እሜቴ ባለፈው እሑድ በመስኮት ሲያዩን አየኋቸው። ቆቤን አነሳሁ። እጃቸውን አነሱ። ዝናብ እያዩ አልነበረም፤ ያን ቀን ፀሐይ ነበር።

አዎ ወይም አይ ብለህ ጻፍ አልሽኝ። አይ። ይቅርታሽን እጠይቃለሁ። ይህን ቃል ጽፌ አላውቅም፤ እንዴት እንደሚጻፍ አስተማሪዋን ጠየቅኳት። ቶም ላበጀው በር አመስግኚልኝ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። መንገድ ካልተረገጠ ሳማ ያበቅላል። ሰንሰለት አያስፈልገውም፤ ራሱ ይዘጋል። ድሮ የዘጋነው እኛው ነን ብዬሽ ነበር። ጎረምሳ የለንም፤ የቀረነው እንደኔ ያለን ነን፤ እኔ ካልመጣሁ ሌላው «ጋሽ ሩበን እንኳን ቀርቷል» ብሎ ይቀራል። በየእሑዱ ደክሞኝ እነሳለሁ፣ ደክሞኝ እሄዳለሁ፣ ደክሞኝ እመለሳለሁ። መሞቴን መጠበቅ ትቻለሁ። እሱ ቀላሉ ነበር።

እናትሽ ጋ እቀመጣለሁ። ጆናስ አጠገቧ ነው። መጀመሪያ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼው እቀመጥ ነበር። አሁን ትንሽ ዞሬ እቀመጣለሁ። ስለ አንቺ ስነግራት እሱም ይስማ ብዬ ነው፤ ደብዳቤሽ ይናፍቀዋል።

ስንዴው ሲሆንላችሁ፣ ልብሽም ሲጠገን፣ ነይ። ከዚህ በፊት ነይ ብዬሽ አላውቅም። ልጆቹን አምጪያቸው። ሰው ስለሌለ አልመጣም እንዳትይ፤ እኔ ባልኖርም ነይ። ከባቡር ጣቢያው የሚያመጣሽ ጋሪ ታገኛለሽ፤ በወፍጮው በኩል ልውሰድሽ ቢልሽ እምቢ በይው። የመስኩ በር ላይ ውረጂ። ሰንሰለቱ ያስፈራል፤ አትፍሪው፤ በአንድ እጅ ይፈታል። ልጆቹን አሳልፊና ከኋላሽ መልሰሽ ጠምጥሚው።

አባትሽ ሩበን